ልጄ ያንን ፊልም ካየ ወዲህ ብቻውን አይተኛም

የምክር ዓምድ

«ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ባሕር ዳር፣ አባይ ማዶ ነው። የ12 ዓመት ሴት ልጅና የ8 ዓመት ወንድ ልጅ አሉኝ። ለበዓል ወንድሜ ከአዲስ አበባ መጥቶ ነበር። ልጆቹን ላዝናናቸው ብሎ በላፕቶፑ ፊልም ከፈተላቸው። እኔ ጓዳ ነበርኩ። ‹ለልጆች ይሆናል?› ብዬ ብጠይቀው ‹ፒጂ ነው፣ ችግር የለውም› አለኝ። በኋላ ልጄ ስታሳየኝ ፒጂ-13 ነው የሚለው። የመናፍስት ፊልም ነው። ደም እንኳ የለበትም። ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ትንሹ ማታ ሽንት ቤት ብቻውን አይሄድም። ሽንት ቤታችን ግቢ ውስጥ ነው። ሌሊት እየባነነ እኔ አልጋ ውስጥ ይገባል። ይኸው ሦስት ሳምንት ሆነው። ባለቤቴ ‹ወንድ ልጅ ነው፣ ይልመደው፤ ፊልም ውሸት ነው በይው› ይላል። ትልቋ ደግሞ ‹የክፍሌ ልጆች ሁሉ አይተውታል፣ በእሱ ምክንያት እኔም ልከለከል ነው?› እያለች ታኮርፋለች። እነዚህ ፊደሎች ምን ማለት ናቸው? ማን ነው የሚያወጣቸው? እኔስ ምን ላድርግ?

የሁለት ልጆች እናት»

ውድ እህቴ፣

ደብዳቤሽን ሁለቴ አነበብኩት። ስለ ፊደሎቹ እነግርሻለሁ። ግን ፊደሎቹ መቆየት ይችላሉ፤ ልጅሽ ዛሬ ማታም ሽንት ቤት መሄድ አለበት። ስለዚህ ከእሱ ልጀምር።

«ፈሪ» አትበሉት። እህቱም፣ አባቱም፣ ጎረቤትም እንዳይለው። ትንንሽ ልጆች፣ እስከ 7 ዓመት ገደማ ያሉት፣ የሚፈሩት መልኩ የሚያስፈራውን ነው። የተበላሸ ፊት፣ የሚያጓራ ድምፅ፣ ድንገት የሚለወጥ ሰው። ለእነሱ «ውሸት ነው» ብትያቸው ብዙም አይረዳቸውም፤ ዓይናቸው ያየውን ጆሯቸው አይሽረውም። ማቀፍ፣ ውኃ ማጠጣት፣ አጠገባቸው መቀመጥ ይሻላቸዋል። ከፍ ያሉት ደግሞ «እኛ ቤትም ሊደርስ ይችላል» የሚሉትን ይፈራሉ። ሌባ፣ እሳት፣ የጠፋ ልጅ፣ የሞተች እናት። እነሱን ማስረዳት ይቻላል። የአንቺ ልጅ 8 ዓመቱ ነው፤ ሁለቱ መካከል ቆሟል። ቀን ቀን ትልቅ ሰው ነው፤ ሲመሽ ሕፃን ይሆናል። ስለዚህ ሁለቱንም ይፈልጋል፣ ማቀፉንም ማስረዳቱንም።

በማስረዳቱ ላይ ግን አንድ ነገር ልንገርሽ። የመናፍስት ፊልም ለእኛ ልጆች ይከብዳል። ጠበል ቦታ ሰው ሲጮህ የሰማ ልጅ፣ «ርኩስ መንፈስ» የሚለውን ቃል ከቤተ ክርስቲያንም ከጎረቤትም የሰማ ልጅ፣ «መንፈስ ውሸት ነው» ብትይው አያምንሽም። እንዲያውም አንቺ ያልገባሽ ነገር እንዳለ ያስባል። ስለ መንፈስ አትከራከሪው። ስለ ሰውየው ንገሪው። «ያ ፊቱ የጠቆረው ሰው ተዋናይ ነው። ፊቱን የቀቡት በቀለም ነው። ሲጨርስ ታጥቦ ቤቱ ሄዶ እራቱን በልቷል።» ይህንን በቀን፣ በፀሐይ ንገሪው። ተዋናዮችን ሜካፕ ሲቀቧቸው የሚያሳይ ቪዲዮ ዩቲዩብ ላይ ሞልቷል። አስቀድመሽ አንቺ እይውና አንዱን አሳዪው። ብሩሽ የያዘች ሴትዮ፣ ስፖንጅ፣ ሻይ እየጠጣ የሚቀባ ጭራቅ። ይቺ ምስል ከስብከት ትበልጣለች።

ባለቤትሽ «ይልመደው» ማለቱ አልተሳሳተም። ልጁ መልመድ አለበት። ግን ዋና የማይችል ልጅ ጣና ውስጥ ወርውረን ዋና አናስተምርም። መጀመሪያ ዳር ዳሩን፣ ከዚያ እስከ ጉልበቱ፣ ከዚያ እስከ ደረቱ ነው። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሦስት ማታዎች እስከ ሽንት ቤቱ በር አብራችሁት ሂዱ። ከዚያ ባትሪውን እሱ ይያዝ፤ እናንተ ግቢው መሃል ቁሙ። ቀጥሎ በረንዳው ላይ ሆናችሁ አነጋግሩት። ቀጥሎ በሩን ከፍቶ መተው ብቻ። አንድ ማታ ወደ ኋላ ቢመለስ አትቆጡት፤ ከዚያው ቀጥሉ። ይህን ሥራ አባቱ ቢሠራው ደስ ይለኛል። አባቱ አጠገቡ ሆኖ ሲያለምደው «ወንድ ልጅ ነው» የሚለው ቃል ስድብ መሆኑ ይቀርና ኩራት ይሆንለታል።

በዚሁ ሰሞን «አያ ጅቦ መጣልህ» ማለትም ይቁም። ሁላችንም አድገንበታል፤ ምንም አይመስለንም። ግን ልጁ አሁን የሚፈራው ሞልቶ ተርፎታል።

ሦስት ሳምንት ብዙ አይደለም። ጥቂት ሳምንታት በዚህ መንገድ ሄዳችሁ ፍርሃቱ ካልቀነሰ፣ ወይም ትምህርቱንና ምግቡን ከነካው፣ ሐኪም ጋ ውሰጂው። ነውር የለውም።

አሁን ወደ ፊደሎቹ።

ወንድምሽ ያነበበው ምልክት የአሜሪካ ነው። የሚሰጠው መንግሥት ሳይሆን የትልልቅ ፊልም ኩባንያዎች ማኅበር ነው። የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1968 ነው። ፊልሙን ቁጭ ብለው አይተው ደረጃ የሚሰጡት ራሳቸው ልጅ የሚያሳድጉ ወላጆች ናቸው። አምስት ደረጃ አለ። «ጂ» ለሁሉም ነው። «ፒጂ» ማለት «የወላጅ ምሪት» ማለት ነው፤ አንዳንድ ነገሩ ለልጆች ላይሆን ይችላል። «ፒጂ-13» ደግሞ ወላጆችን ጠንከር አድርጎ ያስጠነቅቃል፤ ከ13 ዓመት በታች ላሉ የማይሆን ነገር ሊኖር ይችላል ነው የሚለው። «አር» ከሆነ በእነሱ ሲኒማ ቤት 17 ዓመት ያልሞላው ልጅ ያለ ወላጅ ወይም ያለ አሳዳጊ አይገባም። «ኤንሲ-17» ከሆነ ከወላጅም ጋር ቢሆን አይገባም።

እንግዲህ ወንድምሽ የተሳሳተው እዚህ ላይ ነው። «ፒጂ» ሲያይ «ለልጅ ተፈቅዷል» ብሎ አነበበው። ምልክቱ የሚለው ግን «አንተ አዋቂው ና፣ ሥራ አለህ» ነው። ብዙ ሰው እንደ እሱ ያነባል። እኔም ለብዙ ዓመት እንደዚያው ነበር የማነበው።

ፒጂ-13 እንዴት እንደመጣ ብታውቂ ነገሩ ይበልጥ ይገባሻል። እስከ እ.ኤ.አ. 1984 ድረስ በፒጂና በአር መካከል ምንም አልነበረም። በዚያ ዓመት ፒጂ ተብለው የወጡ ሁለት ፊልሞች ወላጆችን አስቆጡ። በአንደኛው ውስጥ ከሰው ደረት ልብ በእጅ ተመዝዞ ይወጣል። የሁለቱም ፊልሞች ሥራ ላይ እጁ የነበረበት ስቲቨን ስፒልበርግ ራሱ «መሃል ላይ አንድ ደረጃ ይጨመር» ብሎ ለማኅበሩ ኃላፊ ሐሳብ አቀረበ። በዚያው ዓመት ተጨመረ። ለአንቺ የሚጠቅመው ምኑ ነው? ፊልም የሚጭኑት ልጆች ፍላሽሽ ላይ የድሮ ፊልም ቢጭኑልሽና ከ1984 በፊት የወጣ ፒጂ ቢሆን፣ የዛሬው ፒጂ ነው ብለሽ አትመኚው።

ሌላም አለ፣ ይህኛው ዋናው ነው። የአሜሪካ ደረጃ ለስድብና ለእርቃን ጥብቅ ነው፤ ለጠብ ግን ላላ ይላል። አንዲት ከባድ የእንግሊዝኛ ስድብ ከአንድ ጊዜ በላይ ከተነገረች ፊልሙ አብዛኛውን ጊዜ ወደ አር ይሄዳል። ከተማ ሙሉ ሲፈርስና ሰው እንደ ቅጠል ሲረግፍ ግን፣ ደሙ ካልታየ፣ ፒጂ-13 ሊሆን ይችላል። የመናፍስት ፊልምም እንዲሁ ነው። ደም ከሌለው፣ ስድብ ከሌለው፣ በጨለማና በድምፅ ብቻ የሚያስፈራ ከሆነ ፒጂ-13 ይዞ ያልፋል። ልጅሽን ያስባነነው ያ ነው። «ደም እንኳ የለበትም» ብለሽ ጽፈሻል። ልጁን የያዘው ደም አይደለም፣ ጨለማው ነው።

አስቢው። የእኛ ልጅ እንግሊዝኛው ስድብ ባይገባው ምንም አይሆንም። የሚያየው ሥዕሉን ነው። ስለዚህ በስድብ ምክንያት አር የተባለው ፊልም ለቤትሽ ከፒጂ-13ቱ የቀለለ ሊሆን ይችላል። ሲገለበጥ ደግሞ፣ እነሱ ቀላል ነው ብለው ያለፉት መሳሳም አያት በተቀመጡበት ሳሎን ውስጥ ሁሉንም መሬት መሬት ያሳያል። ደረጃውን የሰጡት ወላጆች ለእነሱ ቤት ነው የሰጡት። ትርጉም ፊልም ሲሆንም ይህንኑ አስታውሺ። ተርጓሚው ስድቡን በአማርኛ ሊያለዝበው ይችላል፤ ሥዕሉ ግን ያው ነው። አማርኛ ስለተናገረ ለልጅ ሆነ ማለት አይደለም።

እንግሊዞች ሌላ ነው የሚያደርጉት። የእነሱ መሥሪያ ቤት የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1912 ነው። «ዩ» ያሉት ከ4 ዓመት ጀምሮ ላለ ልጅ ይሆናል። «ፒጂ» ያሉት 8 ዓመት ገደማ የሆነውን ልጅ መረበሽ የለበትም፤ ለአንቺ ልጅ ጥሩ መለኪያ ነው። «12ኤ» ካሉት ከ12 ዓመት በታች ያለ ልጅ ሲኒማ ቤት የሚገባው ከአዋቂ ጋር ብቻ ነው። «15» እና «18» ከሆነ ግን እናቱም ይዛው ብትመጣ አይገባም። ሕንዶቹ «ዩ»፣ «ዩኤ» እና «ኤ» ይላሉ፤ ኤ ለአዋቂ ብቻ ነው። በቅርቡ ደግሞ ዩኤን በ7፣ በ13 እና በ16 ከፋፍለውታል። የሕንድ ፊልም ሲጀምር መጀመሪያ የሚታየው ወረቀት ይህ ነው። ሁላችንም ቶሎ እናሳልፈዋለን። ዲኤስቲቪ ያለው ቤት ደግሞ ከቁጥሩ ጎን ፊደል ያያል። ቪ ጠብ ነው፣ ኤል ስድብ፣ ኤስ ወሲብ፣ ኤን እርቃን፣ ኤች አስፈሪ ነገር። ለእኔ ከቁጥሩ ይልቅ እነዚህ ፊደሎች ይበልጥ ይረዱኛል። ቁጥሩ የዓለምን ልጅ ሁሉ በአንድ ያያል። ኤች የምትለዋ ፊደል ግን ጨለማ የሚፈራ ልጅ ላላት እናት ናት።

የእኛስ? እኔ እስካየሁት ድረስ በአማርኛ ፊልም ፖስተር ላይ «የፍቅር»፣ «ኮሜዲ»፣ «ልብ አንጠልጣይ» የሚል እንጂ ዕድሜ ብዙም አይጻፍም። እዚሁ ከተማችን ፊልም ስገባም ቲኬት ቆራጩ የልጅ ዕድሜ ሲጠይቅ አጋጥሞኝ አያውቅም። በሩ ላይ ጠያቂ ከሌለ ጠያቂዋ አንቺ ነሽ።

አሁን አንድ የራሴን ላጫውትሽ።

ልጅ ሆኜ አክስቴ ዘጌ ትኖር ነበር። አንድ ቀን በጀልባ ተሻግረን ዑራ ኪዳነ ምሕረት ወሰደችን። የመቅደሱ ግድግዳ ዙሪያውን ሥዕል ነው። አንድ አባት መጋረጃውን ገለጥ አደረጉልን። አንገቱ የሚቆረጥ ሰማዕት አየሁ። ሰይጣን አየሁ። በላዔ ሰብን አየሁ፣ 78 ነፍስ የበላውን። ልቤ ቀጥ አለ። አክስቴ እጄን ያዘችኝ። እኚያ አባት ረጅም ዘንጋቸውን አንስተው ሥዕሉን ነካ አደረጉና «ያቺን ጥርኝ ውኃ አያችኋት?» አሉን። ለተጠማው ለምጻም በእመቤታችን ስም የሰጣትን ማለታቸው ነው። ዘንጉ ከበላዔ ሰብ አፍ ወደ ውኃዋ ሄደ፤ የእኛም ዓይን አብሮ ሄደ። ከዚያ መጋረጃውን መለሱት። በዚያ ሌሊት ጥሩ እንቅልፍ ተኛሁ።

በዚያው ክረምት ከሰፈር ልጆች ጋር ቪዲዮ ቤት ገባሁ። አግዳሚ ወንበር፣ አንድ ቴሌቪዥን፣ በሩ ላይ ጥቁር መጋረጃ። ያየሁት ፊልም ከበላዔ ሰብ የባሰ አልነበረም። ግን እጄን የያዘኝ ሰው አልነበረም። «ይህ ማን ነው? መጨረሻው ምን ሆነ?» ብዬ የምጠይቀው የለም። ማልቀስም ያሳፍራል፣ ልጆቹ ይስቁብኛል። ስንወጣ መሽቷል። ቤት ድረስ እየሮጥኩ ሄድኩ። ከዚያ በኋላ ክረምቱን ሙሉ ፊቴን ወደ ግድግዳ አዙሬ መተኛት አልቻልኩም። ለእናቴም አልነገርኳትም፤ ሄጄ ነበር ማለት አልችልማ።

ልጅሽ ሌሊት አልጋሽ ውስጥ መግባቱ ለዚህ ነው ደስ ያለኝ። ነግሮሻል ማለት ነው። እኔ ያልቻልኩትን እሱ ችሏል።

እና ፒጂ ማለት ለእኔ እኚያ አባት ናቸው። መጋረጃውን የሚገልጥ፣ አጠገብ የሚቆም፣ ዓይንን ወዴት ማድረግ እንዳለበት የሚያሳይ፣ ሲበቃ መልሶ የሚሸፍን። ወንድምሽ ፊልሙን ከፍቶ ስልኩን ይነካካ እንደነበር እገምታለሁ። ክፉ ሆኖ አይደለም። ሥራ እንዳለው አልነገሩትም።

ወደ ትልቋ ልምጣ። እውነቷን ነው። የ12 ዓመት ልጅ በ8 ዓመት ወንድሟ ልክ መቆረጥ የለባትም። ይህን በግልጽ ንገሪያት፣ «ልክ ነሽ» በያት። ከዚያ ለሁለቱ የተለያየ ሰዓት አድርጊ። ቅዳሜ ከሰዓት የጋራ ፊልም ይሁን፣ በትንሹ ልክ የተመረጠ። እሱ ሲተኛ ወይም ከአባቱ ጋር ሲወጣ ደግሞ የእሷ ሰዓት ይሁን። ፒጂ-13 ከሆነ አብረሻት እይ። እንቅልፍ ቢወስድሽም እዚያው ሶፋ ላይ ይውሰድሽ። «የክፍሌ ልጆች ሁሉ አይተውታል» ስትልሽ አትቆጪ፤ «ምኑ ላይ ነው የሚያስፈራው አሉ?» ብለሽ ጠይቂያት። ልጆች እርስ በርስ ብዙ ያወራሉ፤ ትሬለሩ ከሚነግርሽ ይበልጥ ትነግርሻለች።

ደግሞ ሥራ ስጫት። ቴሌግራም ላይ የወረደ ፊልም ምልክት አይለጠፍበትም፤ ፍላሽ ላይ የተጫነም እንዲሁ። ስሙን ኢንተርኔት ላይ መፈለግ ግን ይቻላል። አይኤምዲቢ በሚባለው ድረ ገጽ ላይ ለወላጆች የተዘጋጀ ክፍል አለ። ጠቡን፣ ስድቡን፣ እርቃኑን፣ አስፈሪውን ለየብቻ ይዘረዝራል። ኮመን ሴንስ ሚዲያ የሚባለውም ከስንት ዓመት ጀምሮ ይሆናል ብሎ ምክር ይሰጣል። ሁለቱም በእንግሊዝኛ ነው። ልጅሽ ታንብብልሽ፣ ትተርጉምልሽ። የ12 ዓመት ልጅ «ይህኛው ለወንድሜ አይሆንም» ብላ ራሷ ስትፈርድ ኩርፊያው ወዴት እንደሚሄድ ታያለሽ። በአሜሪካው ምልክት ሥር ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ አንዲት አጭር ዓረፍተ ነገር አለች፤ ለምን ያ ደረጃ እንደተሰጠው ትናገራለች። ከፊደሉ ይልቅ እሷን አስነብቢያት።

ሲኒማ ቤት ስትሄዱ ወንበር ስትመርጪ ጠርዙን ያዢ። ልጁ ፊቱን በእጁ ከሸፈነ፣ ወይም ሽንቴ መጣ ካለ፣ ተነሺና አብራችሁ ውጡ። የቲኬቱ ገንዘብ አያሳዝንሽ። ውጭ ትንሽ አየር ወስዶ «ልግባ» ካለ ይግባ፤ «እንሂድ» ካለ ወደ ሐይቁ ዳር ውሰጂው፣ ለውዝ ግዢለት፣ ያየውን ያውራልሽ። ሳትጠይቂው ያወራል።

ወንድምሽን አትጣዪው። ልጆቹን ስለሚወድ ነው የከፈተላቸው። ለሚቀጥለው በዓል ሲመጣ ላፕቶፑን ሳይከፍት የፊልሙን ስም ለትልቋ ይስጣት። እሷ ፈልጋ ታንብብለት። ከዚያ ከፍቶ መሃላቸው ይቀመጥ፤ ትንሹ በስተቀኙ፣ ስልኩ ጓዳ አንቺ ጋ።